ጠፍጣፋው ድንጋይ

ሞተሯ የወደቀችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የነካት የለም፤ የገፋት የለም። ግቢው ውስጥ እንደ ወትሮዋ በአንድ እግሯ ተደግፋ ቆማ ነበር። ሌሊት የዘነበው ዝናብ አፈሩን አርሶታል። የብረት እግሯ አፈሩን እየወጋ ቀስ እያለ ሰመጠ፤ እሷም ቀስ እያለች ወደ ግራ አዘመመች፤ ከዚያ ቁርጧን ያወቀች ይመስል ባንዴ ጓ! ብላ ተዘረረች።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው ኢንጂነር እስክሪብቶዋን እንደያዘች በባዶ እግሯ ወጣች።

«ኢንጂነር» የቤት ስሟ ነው። ሩቅ አገር ሄዳ ሰባት ዓመት የድልድይ ሥራ ተምራ ከተመለሰች ሦስት ወሯ። በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ አንድ ብርጭቆ አላጠበችም። ልታጥብ ስትነሳ እናቷ ስፖንጁን ከእጇ ትነጥቃታለች። መጥረጊያ ስታነሳ አጎቷ «ኧረ በሕግ!» ይላል። ከቁም ሳጥኑ መስታወት ጀርባ ለክቡር እንግዳ ብቻ የሚወጣው ጠርዙ ወርቃማ ብርጭቆ ለሷ በየቀኑ ይወጣል። አንድ ቀን እነሱ ሳይኖሩ ተሽቀዳድማ ሩዝ ቀቀለችና አሳረረችው። እናትና አጎት ድስቱን እስኪጨርሱ በሉና «ማረሩ እኮ ጣዕም ሰጥቶታል!» ተባባሉ።

ቤቱ እንዲያ ጨዋ ሆኖ አይደለም። እናቷና የእናቷ ታናሽ ወንድም አብረው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም። «አንተ ዝርክርክ፣ ጫማህን እዚህ ማን አንሳልኝ አለህ?» «አንቺ ነገረኛ፣ ጫማው ምን አደረገሽ?» ሲባባሉ ነው የሚውሉት። ኢንጂነሯ ብቅ ስትል ግን ሁለቱም የታመመ ሰው ክፍል እንደገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሷ ደግሞ በር ላይ ቆማ በጭቅጭቁ ትቀናለች።

ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ቅጽ ተቀምጧል። ተመልሳ መጥታ እንድትሠራ ከተማረችበት አገር የተላከላት ነው፤ ግማሹን ሞልታዋለች። «እንግዳ መሆኔ ካልቀረ፣ እዚያው እንግዳ ልሁን» ትላለች ለራሷ። «እዚያ ቢያንስ ሰሃኔን አጥባለሁ።» ይህን ባለች በማግስቱ ደግሞ ቅጹን ወዲያ ትገፋዋለች። ሞተሯ ጓ! ስትል ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበረች።

ስትደርስ አጎንብሳ አየቻት። የግራው ስፖኪዮ መስታወቱ ረግፏል። በግራ እጅ የሚጨበጠው የፍሪሲዮን እጀታ ከግማሹ ተቀንጥሷል። የማርሽ ፔዳሉ ታጥፎ የሞተሩ ሆድ ላይ ተለጥፏል። ከሰልባትዮው ክዳን ቤንዚን ጠብ ጠብ ይላል።

የማንም ሞተር ብትሆን ምንም አልነበር። ይህቺ ግን የአጎቷ ናት። አጎቷ የከብት ሐኪም ነው፤ ከገጠር ገጠር የሚዞረው በሷ ላይ ነው፤ ሰኞም በጠዋት ጥጆች የሚከትብበት ቦታ ይጠብቀዋል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም፦ «አሥራ አንድ ዓመት! በጭቃ፣ በኮረት፣ ወይፈን እያባረረኝ! አንድ ቀን መሬት አልነካችም!» አሁን ጸጉሩን ሊስተካከል ሄዷል። ጸጉር አስተካካዩ ወሬ ይወዳል፤ እሱም ይወዳል፤ ስለዚህ ለሦስት ሰዓት ያህል አይመለስም።

ኢንጂነሯ ጀርባዋን ለሞተሯ ሰጥታ ቁጢጥ አለች፣ በአንድ እጇ መሪውን በሌላው የኋላ መጫኛውን ጨብጣ በእግሮቿ ገፋች። ሞተሯ ተነሳች። መነሳት ብቻ ሳይሆን አልፋ ወደ ቀኝ ልትወድቅ አለች። ይኼኔ እናቷ ክንዷ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ከጓዳ ተወርውራ መጥታ በደረቷ ተቀበለቻት።

«ወገብሽን! ልጄ፣ ወገብሽን! ልቀቂያት፣ እኔ ልያዛት!»

«ብለቃት አንቺ ላይ ነው የምትወድቀው፣ እማ።»

«ትውደቅብኝ! ያዝሽ?»

«ይዣለሁ። አንቺስ?»

«እኔም ይዣለሁ።»

አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ፣ መሀላቸው ሞተር፣ ማንም ማንንም መልቀቅ አይችልም።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለች ኢንጂነሯ።

«እኔ ምን አውቄ! ሰባት ዓመት የተማርሽው አንቺ ነሽ!» አለች እናቷ፤ ወዲያው ደንግጣ፣ «ይቅር በይኝ የኔ እናት፣ ሞተሯ ከብዳኝ ነው» አለች።

ኢንጂነሯ የብረት እግሩን በጣቶቿ ዘርግታ ሞተሯን አስደገፈቻት። እግሩ ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላዋ አፈሩ ውስጥ ገባ።

«ድንጋዩን ከሥሩ አድርጊለታ!» አለች እናቷ።

«የቱን ድንጋይ?»

«ያንን ጠፍጣፋውን! ሁልጊዜ እግሯን የሚያሳርፍበትን። እዚህ ጋ አይደል እንዴ የሚቀመጠው? ምን በላው?»

ኢንጂነሯ ድንጋዩን ምን እንደበላው ታውቃለች። ትናንት ከሰዓት ነፋሱ ወረቀቶቿን አላስቀምጥ ሲላት ወደ ግቢ ወጥታ ነበር። አጎቷ ሥራ ላይ ነው፤ ሞተሯ የለችም፤ ግቢው መሀል የሰሃን ስፋት ያለው ልሙጥ ድንጋይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አነሳችው፣ አጠበችው፣ ወረቀቶቿ ላይ ጫነችው። አጎቷ ማታ ዝናብ እያባረረው ገብቶ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንደለመደው ሳያይ፣ ድንጋዩ በነበረበት ቦታ ላይ አቆማት።

ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ሌላ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ የወሰደችውን የመሠረት ሥራ ፈተና አስታወሰች። ከባድ ነገር ለስላሳ አፈር ላይ እንዳይሰምጥ ሥሩ ሰፊ ነገር ይነጠፍለታል፤ ይህንኑ በአሥራ አንድ ገጽ አብራርታ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች። እና መልሱን እዚህ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጦ ስታገኘው አንስታ ወረቀት አስያዘችበት!

«እማ» አለች፣ «ድንጋዩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

የእናቷ ፊት ሲለዋወጥ አየችው። መጀመሪያ የእናት ፊት ሊሆን ነበር፤ ቅንድቧ ከፍ ብሎ ነበር፤ አፏም ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የአስተናጋጅ ፊት ሆነ።

«ድንጋይ ደግሞ ምን ያደርጋል!» አለች። «ነፋስ ነው።»

«ቅጠል አይነቃነቅም እኮ።»

«ታዲያ ድመቷ ናት።»

«ድመት አለን እንዴ?»

«የጎረቤት ድመት። ወፍራም ናት።»

ሞተሯን እየገፉ ግድግዳ አስደገፏት። ኢንጂነሯ ከመቀመጫው ሥር የአጎቷን የመፍቻ ከረጢት አወጣች፤ እናቷ «ኧረ እጅሽ!» እያለች ዙሪያዋን ዞረቻት። አሥር ቁጥሩን መፍቻ መርጣ፣ ፔዳሉ የነበረበት አቅጣጫ እንዳይጠፋባት ጫፉ ላይ በእስክሪብቶዋ መስመር ካሰመረች በኋላ ብሎኑን ፈታችው። የታጠፈውን ፔዳል፣ የተሰበረውን እጀታና ባዶውን ስፖኪዮ በፌስታል ይዛ፣ ጫማ አድርጋ ወጣች።

ከመንገዱ ጫፍ ያለው የሞተር ጋራዥ ባለቤት «እሺ ነገ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ለምን እንዳወጡለት ለመረዳት አንድ ጊዜ ሥራ ይዞለት መምጣት ይበቃል። ኢንጂነሯን ሲያይ ብድግ አለና ወንበሩን በጨርቅ ጠረገላት። ጨርቁ ከወንበሩ የባሰ ቅባት ነበረበት፤ ስለዚህ ሌላ ወንበር ፍለጋ ገባ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይምጣልዎት?»

«አልቀመጥም፣ አመሰግናለሁ። አጎቴ ከጸጉር ቤት ሳይመለስ እነዚህ መጠገን አለባቸው።»

ፌስታሉን ከፍቶ አየ። «የዶክተሩ ሞተር ናት? ያቺ የማትወድቀው?»

«ያቺው።»

«አይ ጉድ!» ራሱን ያዘ። «እሺ፣ ነገ...»

«ዛሬ።»

«ነገ በጠዋቱ፣ ከሁሉ አስቀድሜ...»

«ሞርሳው የት ነው?»

«ኧረ እጅዎት ይቆሽሻል!» ብሎ ሳይጨርስ ፔዳሉን ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አስገብታ አጥብቃዋለች። ጥግ ላይ የወደቀ ቧንቧ አንስታ የፔዳሉ ጫፍ ላይ ሰካችና ሳበች። ብረቱ እሺ አለ። ልክ ቀጥ ሲል ለቀቀችው። ተመልሶ ጎበጠ። ደግማ ሳበችው፤ ደግሞ ጎበጠ።

እሺ ነገ ዝም ብሎ ማየት አቃተው። «ብረት ያኮርፋል እኮ! ልክ ቦታው ላይ ስትደርሺ ከለቀቅሽው ወደ ጥፋቱ ይመለሳል። ትንሽ አሳልፊው። አሳልፊው አልኩሽ! አትፍሪው!»

«እርስዎ» የሚለው ነገር መቼ እንደተነነ ሁለቱም አላስተዋሉም። ኢንጂነሯ አሳልፋ ሳበችው፤ ብረቱ ትንሽ ተመለሰና ቀጥ ብሎ ቀረ። ይህን በቀመር ታውቀው ነበር። ክንዷ ግን ገና አሁን መስማቱ ነው።

«ከመፍታትሽ በፊት ምልክት አድርገሻል?»

«በእስክሪብቶ።»

«በእስክሪብቶ!» ብሎ ሳቀ። «ይሁን፣ ከአንዳንዶቹ ትሻያለሽ።»

ከዚያ አሮጌ እጀታዎች የታጨቁበት ካርቶን አወጣና አብረው በረበሩ። ለሞተሯ የሚሆን አንድ ተገኘ፤ ግን የብሎኑ ቀዳዳ ጠበበ። ክብ ሞረድ ሰጣትና አጠገቧ ቆመ።

«ኧረ ምን እያደረግሽ ነው? ሽንኩርት እየከተፍሽ እኮ አይደለም! ስትገፊ ጫን፣ ስትመልሺ አንሺ። እንዲህ ሞርጂ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ያስታውቃል!»

ኢንጂነሯ አጎንብሳ ሞረደች። ጆሮዋ ሞቀ። ከመጣች ወዲህ በሰው ፊት ስትዘለፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ ለምን ደስ እንዳላት ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበራትም፤ ጸጉር የሚያድገው ቀስ ብሎ ቢሆንም የሚቆረጠው በፍጥነት ነው። እሺ ነገ ለስፖኪዮው ልኩን መስታወት ቆርጦ ገጠመላት። ቦርሳዋን ስትከፍት፣ «አጎትሽ ውሻዬን ከሞት ያስነሳ ሰው ነው፤ ሂጂልኝ ወዲያ!» ብሎ አባረራት። እየተባረረች እንኳ ፈገግ አለች።

ግቢ ስትደርስ እናቷ የፈሰሰውን ቤንዚን በአፈር ሸፍና፣ ሞተሯን ወልውላ፣ አለንጋ ይዛ የጎረቤት ድመት ትጠብቃለች። ተከሳሽ እንዳይጎድል ነው መሰል። ኢንጂነሯ ፔዳሉን በምልክቱ ልክ መለሰችው፣ እጀታውን አሰረች፣ የፍሪሲዮኑን ሽቦ የጥፍር ያህል አላልታ ዳዶውን አጠበቀች። አስነሳቻት። ሞተሯ አንዴ አሳላት፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ተረጋግታ መዘመር ያዘች። ሰልባትዮው ላይ የእንቁላል ያህል ጎድጎድ ያለች ቦታ ቀረች። እሷን አሁን ማቃናት አይቻልም።

ኢንጂነሯ ሞተሯን አጥፍታ እጇን ስትታጠብ አጎቷ ተላጭቶ፣ አንገቱ ላይ ፓውደር ነጥቶ፣ እያፏጨ ገባ። ፉጨቱ በር ላይ ቆመ።

«ለምን ግድግዳ ተደገፈች?»

«ደክሟት ነው» አለች እናቷ።

አጎቷ የታመመ ከብት ሲያይ አያያዙ ሌላ ነው። ወደ ቁስሉ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከሩቅ ይጀምራል፤ ይዞራል፤ ጀርባ ይዳብሳል። አሁንም እንዲሁ። የኋላውን መብራት ነካ፤ መቀመጫውን መታ መታ አደረገ፤ በቀኝ በኩል አልፎ ወደ ግራ ዞረ። ሰልባትዮው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ስፖኪዮው ውስጥ ፊቱን አየ። የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨበጥ ለቀቅ አደረገው።

«ይህ የሷ አይደለም» አለ። «በግራ ጎኗ ነው የተኛችው።»

«ማን ተኛ? ማንም አልተኛም» አለች እናቷ።

አጎቷ ሞተሯ ወደምትቆምበት ቦታ ሄደ። አጎንብሶ ጣቱን መሬት ውስጥ የቀረው ቀዳዳ ውስጥ ከተተ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባለት። ዙሪያውን አየ፤ የሚፈልገውን አጣ።

«ነፋስ ነው» አለች እናቷ። «ድመትም ነበረች። ሁለቱም ባንድ ላይ ነው የመጡት።»

ኢንጂነሯ ወደ ክፍሏ ገብታ ድንጋዩን በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ትናንት ወስጄ ወረቀት ጫንኩበት። የወደቀችው በኔ ጥፋት ነው።»

አጎቷ ድንጋዩን አየ፤ እሷን አየ፤ ቀዳዳውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይ የኔ እናት» አለ፣ በዚያ የታመመ ሰው ክፍል ድምፁ። «አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ጥፋቱ የኔ ነው። ማታ ሳላይ አቆምኳት። እኔ ነኝ የጣልኳት። በቃ፣ እጅሽን ታጠቢና ግቢ፤ ሻይ ይቅረብልሽ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሲኮራበት የኖረውን ነገር ነው በአንድ ትንፋሽ አሳልፎ የሰጠው። እንግዳ እንዳይከፋው ብሎ! እናቷ ቀድሞውኑ ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ወደዚያ ወርቃማ ብርጭቆ፣ መንገድ ጀምራለች። ኢንጂነሯ ወደ ክፍሏ ዞር አለች። በሯ ክፍት ነው፤ ከዚህ ቅጹ ይታያታል።

«አልጠጣም!» ብላ ጮኸች። በሦስት ወር ውስጥ በዚያ ቤት ጮሃ አታውቅም፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሻይ አልጠጣም! ሞተርህን ጣልኳት እኮ ነው የምልህ! ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያው እስኪነሳ ትጮህበት ነበር! እማዬ አንድ ጊዜ ሄልሜትህን ከቦታው ስላነሳችው ለሁለት ቀን አኩርፈሃታል! እኔ ምን ስለሆንኩ ነው የማትቆጡኝ? የማን እንግዳ ነኝ? ተቆጡኝ! ካልተቆጣችሁኝ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ካልተቆጣችሁኝ እሄዳለሁ።»

እናቷ ብርጭቆውን እንደያዘች በር ላይ ደረቀች። አጎቷ እህቱን አየ፤ እህቱ እሱን አየችው።

«ልቆጣት?» አለ።

«ልጅቷ ጠየቀችህ አይደል እንዴ?» አለች እናቷ።

አጎቷ አየር ሳበ።

«አንቺ!» አለ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ድልድይ ስትማሪ ከርመሽ፣ አንዲት ሞተር የቆመችበትን ድንጋይ ትነጥቂያለሽ? አፍ የለሽም? ‹ጋሼ፣ ይህ ድንጋይ የምንድነው?› ብሎ ለመጠየቅ ስንት ቀን ይፈጃል? ያገኘሽውን እያነሳሽ መሄድ ነው ሥራሽ! ባለፈው ፒንሳዬን ወስደሽ መጋረጃ ሰቅለሽበታል፤ ዝም አልኩ! የእጅ ባትሪዬን አብርተሽ ረስተሽው አደረ፤ ሞቶ ተገኘ፤ ዝም አልኩ! እኔ ብረት አይደለሁም እኮ!»

«እርጥቡ ፎጣስ?» አለች እናቷ ከበሩ ላይ። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፤ ከዚያ ነገሩ ጣፈጣት። «በየቀኑ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ! ፍራሹ ሊበቅል ምንም አልቀረው! ማበጠሪያሽንስ ከሩዝ ዕቃ ጋር ማን አስቀምጪ አለሽ?»

«ሩዝ ካልሽ አይቀር» አለ አጎቷ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ «ያ ሩዝ አርሮ ነበር!»

«ማረሩ ጣዕም ሰጥቶታል ብላችሁኝ!» አለች ኢንጂነሯ።

«ውሸት ነው! ሦስት ቀን ሙሉ የምተነፍሰው ከሰል ከሰል ይለኝ ነበር!»

«እኔማ የድስቱን ቂጥ በምስማር ነው የፋቅኩት» አለች እናቷ።

ኢንጂነሯ ድንጋዩን እንዳቀፈች እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጎቷ ደነገጠ፤ «ምነው፣ አበዛሁት እንዴ?» አለ። ቀና ስትል ግን እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነበር፤ እናቷም በሩን ተደግፋ፣ ብርጭቆውን ሆዷ ላይ ይዛ፣ እየሳቀች ነበር።

«ተነሽ!» አለ አጎቷ፣ ሳቁን በቁጣ ለመሸፈን እየታገለ። «ድንጋዬን ቦታው መልሺ። ወደ ግራ። አይ፣ ወደ ግራ! ሰማይ ነው እንዴ የምታዪው?» ሞተሯን ገፍቶ አምጥቶ እግሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ወዘወዛት። አልነቃነቅም አለች። የፍሪሲዮኑን እጀታ እንደገና ጨበጠው፤ ቀዳዳው የተሞረደበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይህን ማን ሞረደው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል» አለ። አንዴ ደግሞ ጨበጠውና፣ «ይሠራል» አለ።

የተሰበረውን እጀታ ከፌስታሉ አውጥቶ ወረወረላት። «ወረቀትሽን በዚህ አስይዢው። እና ስሚ፣ ሰው ሲጠይቀኝ አሥራ አንድ ዓመት አልወደቀችም ነው የምለው። እኔ አልጣልኳትማ! አንቺ የጣልሽውን በራስሽ ተናገሪ።»

እናቷ ወርቃማውን ብርጭቆ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሳ መስታወቱን ዘጋችው። «የቁርሱ ሰሃን ሁሉ እዚያ ተቆልሏል» አለች ጮክ ብላ፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር።

ኢንጂነሯ መጀመሪያ ወደ ክፍሏ ገባች። ድንጋዩን በጥድፊያ ስታነሳው ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ነበር። ሰበሰበቻቸው፤ በግማሽ የተሞላውንም ቅጽ ከላይ አደረገችው፤ የተሰበረውን እጀታ ጫነችበት። ትሙላው ወይ ትቅደደው ገና አላወቀችም። ጓዳ ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ሳሙናውን እንዳታበዢው!» አለች እናቷ ከጀርባዋ። «ያ ደግሞ ታጠበ ይባላል? ጠርዙን እዪው እስቲ!»

ከጀርባዋ ሁለቱ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃል። ለጊዜው ግን እጇ እርጥብ ስለሆነ ወረቀት መንካት አትችልም ነበር።